የነርሲንግ ተማሪ ሆናችሁ የነገውን ደሞዝና የሥራ መብት ከአሁኑ እንዴት ታስከብራላችሁ?

ፕራክቲካል (ሆስፒታል ውስጥ የተግባር ልምምድ) የሚወጡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ገና ተማሪ ነን፤ የደሞዝና የመብት ነገር ከተመረቅን በኋላ አይደርስም ወይ?» ይላሉ። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላዋ ትጠይቀኛለች። ስለዚህ መልሱን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

አይደርስም። ከተመረቃችሁ በኋላ የምትከራከሩበት ማስረጃ የሚሰበሰበው አሁን ነው። ዋርዱ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ የጎደለው ሠራተኛ በእናንተ ነፃ ጉልበት እየተሞላ እስከቀጠለ ድረስ ጉድለቱ ወረቀት ላይ አይታይም። ጉድለቱ ካልታየ የቅጥር መደብ አይጠየቅም። መደብ ካልተጠየቀ ደግሞ ስትመረቁ የምትገቡበት ቦታ አይኖርም፤ ቢኖርም በርካሽ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ገጹ የማይነቀል፣ የተጠረዘ ደብተርና እስክሪብቶ (በእርሳስ አትጻፉ)
- የዲዩቲ (የተረኝነት) ፕሮግራማችሁ ቅጂ
- የተማሪ መመሪያችሁ፣ ከተቻለ ደግሞ ኮሌጁ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረመው ሰነድ
- የአገራችሁ የሠራተኛ ሕግና የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ በወረቀት ወይም በስልክ
- የክትባት ካርዳችሁ
- ወረቀት የምታስቀምጡበት ፎልደርና ካልኩሌተር
- የምታምኗቸው ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞች

የመጨረሻውን እንደ ቀልድ አትዩት። ብቻውን የጠየቀ ተማሪ «አስቸጋሪ» ይባላል። አሥራ አምስት ሆነው የጠየቁ ተማሪዎች ግን መልስ ይሰጣቸዋል።

ደረጃ 1፦ በየትኛው ሕግ ሥር እንዳላችሁ እወቁ

አንድ ዋርድ ውስጥ ጋዋን ለብሰው የሚመላለሱት ሁሉ አንድ አይደሉም። ተማሪ አለ፣ ተለማማጅ አለ፣ ተቀጣሪ አለ። የሚሠሩት ሊመሳሰል ይችላል፤ የሚገዛቸው ሕግ ግን ይለያል። ተማሪን የሚገዛው በዋናነት የኮሌጁ ደንብና ከሆስፒታሉ ጋር ያለው ስምምነት ነው። ከተቀጠራችሁ በኋላም በብዙ አገር የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ በአንድ ሕግ፣ የግል ሆስፒታል ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል።

ይህን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? የተሳሳተ ሕግ ጠቅሶ የገባ ማመልከቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል። የአቤቱታ ጊዜ ገደቡም እንደ ሕጉ ይለያያል። ስትሯሯጡ ቀኑ ካለፈባችሁ እውነት ይዛችሁም ትሸነፋላችሁ።

ደረጃ 2፦ በኮሌጁና በሆስፒታሉ መካከል ያለውን ስምምነት ጠይቁ

ብዙ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰነድ መኖሩን አያውቅም። የክሊኒካል አስተባባሪያችሁን በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ ጠይቁ። ስታገኙት አራት ነገር ፈልጉ፦ በቀን ስንት ሰዓት ነው? የሚቆጣጠራችሁ ማን ነው? ጉዳት ቢደርስባችሁ ሕክምናውን የሚሸፍነው ማን ነው? ጓንትና ማስክ የሚያቀርበው ማን ነው? ሰነዱ ከነዚህ በአንዱ ላይ ዝም ካለ የመጀመሪያው የጋራ ጥያቄያችሁ እሱ ይሁን።

ደረጃ 3፦ የዲዩቲ ደብተር ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ኮሌጁ የሚሰጣችሁ ሎግ ቡክ የሠራችሁትን ፕሮሲጀር ይቆጥራል። ሰዓታችሁን፣ ማን እንዳዘዛችሁና ማን አጠገባችሁ እንደነበረ ግን አይጽፍም። ይህኛው የራሳችሁ ደብተር ነው።

አንድ ቀን ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ (ከነቀኑና ዓመተ ምሕረቱ)። የወንዶች ሜዲካል ዋርድ። በፕሮግራሙ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 8፡00። የገባሁት 1፡50፣ የወጣሁት 11፡30። የቆየሁበት ምክንያት፦ የከሰዓት ተረኛዋ ስላልመጣች ቆይ ተባልኩ። ያዘዘኝ፦ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ። የሠራሁት፦ የ14 ታካሚ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት) ብቻዬን፣ የመድኃኒት ዙር ከአንድ ነርስ ጋር። ከ8፡00 በኋላ ኢንስትራክተር አልነበረም። የምሳ ዕረፍት 15 ደቂቃ።»

ይኸው ነው፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ስሜት የለበትም፣ ስድብ የለበትም። «በጣም አደከሙን» የሚል ማስታወሻ ማንንም አያሳምንም። «3 ሰዓት ተኩል ያለ ኢንስትራክተር» የሚል ግን መልስ ይፈልጋል። የአሥር ተማሪ ደብተር ለአንድ ወር ሲደመር ደግሞ ያ ዋርድ ስንት ነርስ እንደጎደለው በቁጥር ይናገራል። ነገ ለቅጥርና ለደሞዝ የምትከራከሩበት ቁጥር ይህ ነው።

የዕለቱን በዕለቱ ጻፉ። ሳምንት ቆይቶ የተጻፈ ማስታወሻ እንደ ማስረጃ ይደክማል። ስትሳሳቱ ገጹን አትቅደዱ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክሉን ከጎኑ ጻፉ። ቻርት ላይ እንደምታደርጉት ማለት ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ምርመራ ወይም ፎቶ እዚህ ደብተር ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። «14 ታካሚ» በቂ ነው። የታካሚ ምስጢር ካወጣችሁ መብታችሁን ልታስከብሩ ሄዳችሁ ራሳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። በዚህ ላይ ደግሞ ታካሚው ምንም አልበደላችሁም።

ደረጃ 4፦ ከአቅማችሁ በላይ ሲሰጣችሁ የምትሉትን አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ሁለት ሰነድ አጽድቋል፤ ስምምነት ቁጥር 149 እና ምክረ ሐሳብ ቁጥር 157። ምክረ ሐሳቡ ለተማሪዎች የተለየ ክፍል አለው። የተማሪ የተግባር ልምምድ በትምህርቱ ፍላጎት ይመራ፤ የተለመደውን የሠራተኛ ቁጥር ማሟያ አይሁን ይላል። ተማሪ ከዝግጅቱ ደረጃ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ብቻ ይሰጠው፤ የጤና ጥበቃውም ከነርሶች ጋር እኩል ይሁን ይላል። ሌላም አለ፦ ተማሪዎች በትምህርት ላይ ሳሉ ስለ ነርሶች የሥራ ሁኔታ፣ ስለ ዕድገትና ጥቅማቸውን ስለሚያስከብሩበት መንገድ ትክክለኛና ዝርዝር መረጃ ሊሰጣቸው ይገባል። ስለዚህ «ስለ ደሞዝ መጠየቅ የተማሪ ሥራ አይደለም» የሚላችሁ ሰው ተሳስቷል።

ልብ በሉ፦ ስምምነት የሚያስገድደው ያጸደቀውን አገር ነው። ምክረ ሐሳብ ደግሞ መመሪያ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ደብዳቤያችሁ ላይ «በሕግ ተገዳችኋል» ብላችሁ አትጻፉ። «ዓለም አቀፍ መለኪያው ይህ ነው» በሉ። ያልሆነውን ሕግ ነው ካላችሁ እውነተኛው ጥያቄያችሁም አብሮ ይናቃል።

ዋርድ ላይ ግን ቁጥር የመጥቀስ ጊዜ የለም። የምትሉት አጭር ይሁን፦ «ሲስተር፣ ይህን በክትትል ሠርቼው አላውቅም። አጠገቤ ከቆሙልኝ እሠራለሁ፤ ብቻዬን ግን ለታካሚው አደጋ ነው።» ይህ አነጋገር ሥራ እንቢ ማለት አይደለም። ታካሚውን ያስቀድማል፤ ነርሷንም አያዋርድም። እሷም ብዙ ጊዜ የሰው እጥረት ያስጨነቃት ናት፤ ነገ ደግሞ የሥራ ባልደረባችሁ ትሆናለች። ጠባችሁ ከእሷ ጋር አይደለም።

*ማስጠንቀቂያ፦* የጀመራችሁትን ታካሚ ሳታስረክቡ ጥላችሁ አትውጡ፤ ምንም ያህል ብትበደሉ። መጀመሪያ ርክክብ፣ ቀጥሎ አቤቱታ።

ደረጃ 5፦ መርፌ ከወጋችሁ

ይህ ደረጃ በቅደም ተከተል ይሠራ፤ ሰዓት አለው።

ሀ. የተወጋውን ቦታ ወዲያው በውኃና በሳሙና እጠቡ። አትጭመቁት፤ በረኪና አታፍስሱበት። ዓይን ውስጥ ከተረጨ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ።

ለ. ለኃላፊ ነርስና ለኢንስትራክተራችሁ ወዲያው ንገሩ። አፍራችሁ አትደብቁ።

ሐ. ምዘና ይደረግላችሁ። ፔፕ የሚባለው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት። ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁም ይታያል፤ ሦስቱንም ዙር ፕራክቲካል ሳትወጡ ጨርሱ የምለው ለዚህ ነው።

መ. የዚያኑ ዕለት የደም ምርመራ ስጡ። በዚያ ቀን ከበሽታው ነፃ እንደነበራችሁ የሚያሳየው ይህ ምርመራ ብቻ ነው። ኋላ በሽታ ቢገኝ «ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም» እንዳትባሉ ያደርጋል።

ሠ. የአደጋ ሪፖርት ቅጹን ሙሉና ቅጂውን ውሰዱ። ቅጽ የለም ከተባላችሁ በነጭ ወረቀት ጽፋችሁ በማኅተም አስረክቡ።

የምታውቁት ተማሪ ተወግቶ ዝም ካለ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት። ነገ እናወራለን አትበሉ።

ደረጃ 6፦ አቤቱታችሁን በጋራና በጽሑፍ አቅርቡ

የቃል አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። መጀመሪያ የሆነውን በቀንና በቁጥር፣ ቀጥሎ የትኛውን ደንብ ወይም ስምምነት እንደሚቃረን፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን አንድ ወይም ሁለት ነገር፣ መጨረሻ ላይ መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ጻፉ። ለምሳሌ፦

«በዚህ ወር በሜዲካል ዋርድ የተመደብን 12 ተማሪዎች በድምሩ 61 ሰዓት ያለ ኢንስትራክተር ሠርተናል፤ ዝርዝሩ ተያይዟል። በስምምነቱ መሠረት በእያንዳንዱ ሺፍት ተቆጣጣሪ እንዲመደብልን እንጠይቃለን። እስከ ወሩ 15 ድረስ በጽሑፍ እንዲመለስልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። መንገዱን አትዝለሉ፦ ከአስተባባሪ ወደ ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ወደ ዲን። በቀጥታ ላይኛው ቢሮ ከሄዳችሁ «ለቅርብ ኃላፊያችሁ አመልክቱ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፤ ቀኑም ይቃጠላል። ፊርማውን በክብ አድርጋችሁ ፈርሙ። ማን መጀመሪያ እንደፈረመ ስለማይታወቅ አንድ ሰው ተለይቶ አይጠመድም።

ደረጃ 7፦ ደሞዝን በሰዓት አስልታችሁ እዩ

የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው የወሩ ቁጥር ያታልላል። የሳምንቱን ሰዓት በ52 አባዙ፣ ለ12 አካፍሉ። የወር ሰዓታችሁ ይወጣል። ደሞዙን ለዚያ አካፍሉ።

አንዱ ቦታ በወር 10,400 ይከፍላል፤ ሥራው በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የወር ሰዓቱ 208 ይሆናል፤ ስለዚህ በሰዓት 50 ነው። ሌላው 9,600 ይከፍላል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የወር ሰዓቱ 173 ገደማ ነው፤ በሰዓት ከ55 ይበልጣል። በወር ያነሰ የመሰለው በሰዓት በለጠ ማለት ነው።

ርክክቡንም አትርሱ። በየሺፍቱ ለርክክብ 20 ደቂቃ ብትቆዩና በወር 22 ሺፍት ብትሠሩ 440 ደቂቃ ነው፤ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ካልተከፈለበት በየወሩ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው።

መለኪያ ከፈለጋችሁ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 157 መደበኛው የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓት ተጨምሮም ከ12 እንዳያልፍ ይላል። በሁለት ሺፍት መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ በምንም ሁኔታ ከ36 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይጠይቃል። የሚቀርብላችሁን የዲዩቲ ፕሮግራም ከዚህ ጎን አስቀምጡና እዩት።

ደረጃ 8፦ ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ

የመጀመሪያ ውሌን የፈረምኩት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ዘርግታልኛለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሥልጠና ስለተሰጠው ከ2 ዓመት በፊት ከለቀቀ የ3 ወር ደሞዙን ይመልሳል» የሚል ነበር። ሥልጠና የተባለው የግማሽ ቀን ኦረንቴሽን ነው። ያየሁት ልለቅ ስል ነው፤ የከፈልኩትንም እስከዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ «ነገ ጠዋት ፈርሜ አመጣለሁ» በሉ። አንድ ሌሊት የማይሰጥ ቀጣሪ ውሉ ውስጥ የሚደብቀው ነገር ይኖራል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ፦

- መነሻ ደሞዙና አበሉ ተለያይተው ተጽፈዋል? በብዙ ቦታ ጡረታና የትርፍ ሰዓት የሚታሰበው ከመነሻ ደሞዙ ነው። ትልቅ አበል፣ ትንሽ ደሞዝ ከሆነ ኋላ ትጎዳላችሁ።
- የሌሊት፣ የበዓልና የጥሪ ተረኝነት እንዴት ይከፈላል? «እንደ ድርጅቱ መመሪያ» ከተባለ መመሪያውን አሳዩኝ በሉ።
- የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ሲያልቅስ ምን ይጨመራል?
- ለመልቀቅ ስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል? ቅጣት አለው?
- «ሌሎች የሚታዘዙ ሥራዎች» የሚለው ሐረግ ገደብ አለው? ገደብ ከሌለው ከነርስነት ውጭ የሆነ ሥራ ሁሉ በዚያ በኩል ይገባል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን ወይም የሙያ ፈቃዳችሁን «በመያዣነት» አትስጡ። አሳዩና ቅጂ ስጡ። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይም አትፈርሙ፤ ባዶውን ቦታ በመስመር ዝጉት። የፈረማችሁትን ውል ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።

ደረጃ 9፦ ውጭ አገር የምታስቡ ከሆነ

የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1997 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 181 በመርህ ደረጃ ሠራተኛው ለኤጀንሲው ክፍያ እንዳይጠየቅ ያዛል፤ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎችን ግን ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ጤና ባለሙያዎች ቅጥር ዓለም አቀፍ የአሠራር ደንብ አውጥቷል፤ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ከአገሬው ጋር እኩል እንዲታይ ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ ስትጠየቁ «ለምን? በየትኛው ሕግ?» ብላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ውሉ በምታውቁት ቋንቋ ይሁን፤ ከመሄዳችሁ በፊት ፈርሙት። ስትደርሱ ሌላ ውል ቢሰጣችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ ቤተሰብ ጋር አስቀምጣችሁ መሄዳችሁ ያኔ ይጠቅማል።

ደረጃ 10፦ የትኛው አካል ምን እንደሚሠራ ለዩ

ፈቃድ ሰጪው አካል የሚጠብቀው ታካሚውን ነው፤ የደሞዝ ክርክር ይዛችሁ ብትሄዱ አይመለከተኝም ይላችኋል። የሙያ ማኅበር ለሙያው ደረጃና ሥልጠና ይቆማል፤ በአንዳንድ አገር የመደራደር ሥልጣንም አለው። ስለ ደሞዝ ከአሠሪው ጋር ቁጭ ብሎ የሚደራደረውና የኅብረት ስምምነት የሚፈርመው በአብዛኛው የሠራተኛ ማኅበር ነው። ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች የመደራጀት መብትን የ1948 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 87፣ የጋራ ድርድርን የ1949 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 98 ይመለከታሉ። ተማሪ አባል የሚቀበል ማኅበር ካለ ገና ሳትመረቁ ግቡ። ከሌለ ስብሰባቸው ላይ ተገኝታችሁ አዳምጡ፤ የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ጠይቁ። የምትቀጠሩበትን የደሞዝ እርከን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከዚያ ታገኙታላችሁ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሆስፒታል አስፈላጊ አገልግሎት ስለሆነ በብዙ አገር የሥራ ማቆም አድማ ይከለከላል ወይም ይገደባል። የአገራችሁን ሕግ ሳታዩ «ነገ አንገባም» አትበሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ንዴት ላይ ሆኖ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አንደኛው ነው። የሆስፒታሉን ስም ጠርታችሁ የጻፋችሁት በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል፤ የገባው ደብዳቤም ይረሳና ወሬው ሁሉ ስለ ፖስቱ ይሆናል። ኃላፊን በድብቅ መቅዳትም እንዲሁ፤ አንዳንድ አገር ወንጀል ነው። ሌላው አሥር ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ማጨቅ ነው። ቀላሉን መርጠው ይመልሱላችሁና ዋናው ይቀራል።

አራተኛው ያሳዝነኛል። ዓመቱን ሙሉ ደብተር ይዘው ሲመረቁ የሚጥሉት አሉ። ደብተሩን አስቀምጡት። ሎግ ቡካችሁንም ለኮሌጅ ከማስረከባችሁ በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ አንዴ ካስረከባችሁ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።